በሩ ክፍት ሆኖ የተሰላች መርከብ

ቂርያት ጋት፣ ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2026

ሮተሜ፣ የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነሽ? ሃምቡርግ በረዶ ጥሏል ብለሽኝ ነበር፤ ካፖርትሽን እየቆለፍሽ ውጪ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወንድምሽ ሊኦር ፋብሪካው ፈረቃውን ስለቀየረለት አሁን ቀን ቀን ነው የሚሠራው፤ ማታ እየመጣ የድስት ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ያመሻል። እኔን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያማርረኛል፤ ሱቅ ውስጥ ስቆም ግን ይረሳዋል።

ይኼን ሁሉ ለምን በስልክ እንደማልነግርሽ ይገርምሽ ይሆናል። እሑድ ስናወራ አንቺ አለቀስሽ፣ እኔም ዕንባሽን ሰምቼ መልስ ለመስጠት ቸኮልኩ። በንግዴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ሰው ፊቴ እያለቀሰ ዋጋ አልቆርጥም። ስለዚህ ነገሩን በቀን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ አሳደርኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ የማይረባውን አወጣሁና የቀረውን ይኸው ገለበጥኩልሽ። ሊኦር ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ ወረቀቱ በፖስታ ይከተላል። ፊደል የለየሽው ሱቅ ውስጥ የቅመም ከረጢት እያነበብሽ ነው፤ «ኮረሪማ» ብላ ያነበበች ልጅ ይኼም አያቅታትም። የከበደሽን ቃል ሊኦርን እንዳትጠይቂው፣ እሱ ከአንቺ የባሰ ነው።

መጀመሪያ የገባኝን ልጻፍ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ። ሰውና መኪና የምታሻግር አንዲት መርከብ አለች። ባለቤቶቹ በአዲስ መስመር ሊያሰማሯት ይፈልጋሉ። የእናንተ ቢሮ ደግሞ ባሕር ላይ ሌላ መርከብ ጎኗን ቢወጋት ቆማ ትቀራለች ወይስ ትገለበጣለች የሚለውን አስልቶ መመስከር አለበት። አንቺ ከሥር ያሉት የብረት በሮች ሁሉ እንደተዘጉ ቆጥረሽ ስታሰዪ መርከቧ ፈተናውን አለፈች። ከዚያ ወደብ ሄደሽ ገባሽባትና ሁለቱ በሮች በገመድ ታስረው ክፍት ሆነው አገኘሽ፤ ወጥ ቤቶቹ በዚያ በኩል ጋሪ ይገፋሉ። ተመልሰሽ ሁለቱን በሮች ክፍት አድርገሽ ስታሰዪ በዚያ በኩል ከተመታች ታዘነብላለች፣ ካዘነበለችም አትመለስም። አለቃሽ ግን «ደንቡ የሚለው በተዘጋ በር አስሉ ነው፤ መርከበኞቹ የሚያደርጉት የካፒቴኑ ጣጣ ነው» አለሽ። እስከ ሰኞ ካልፈረምሽ ሌላ ሰው ይፈርማል፣ በጸደይ የሚያልቀው ውልሽም አይታደስም። ይኸው ነው አይደል?

ሥራሽን ያወቅሁት ባለፈው ፋሲካ መጥተሽ ያን ጥሩውን የቅመም ሳጥኔን ያበላሸሽ ዕለት ነው። ባለ ክፍልፍሉን ሳጥን ዕቃ ማጠቢያው ላይ አንሳፈፍሽና ጎኑን በምስማር በሳሽው። «ኢማ፣ እናቴ፣ ተመልከቺ» አልሽኝ። አንዱ ክፍል ሞላ፣ ሳጥኑ ትንሽ ዘመም አለና ቆመ። ቀጥለሽ የመሃሉን ክፍልፋይ በቢላ ስትቆርጪው ጎኑ ላይ ወደቀና ሰጠመ። እኔ ስለ ሳጥኔ እየተቆጣሁ ነበር፤ አንቺ ግን እንዲህ አልሽኝ፦ «እኛ ትመታለች ወይስ አትመታም ብለን አንጠይቅም፤ ትመታለች ብለን ነው የምንጀምረው። ከፊት ብትመታ፣ ከመሃል ብትመታ፣ ከኋላ ብትመታ፣ ጥልቅ ብትወጋ፣ ላይ ላዩን ብትጫር እያልን ሁሉንም እንሞክራለን። ከዚያ ስንቱን ችላ ትቆማለች እንላለን።»

አልነገርኩሽም እንጂ የዚያን ዕለት ሥራሽን ወደድኩት። እኔም ዕቃ ሳዝዝ ዘንድሮ ጉዳት አይደርስብኝም ብዬ አላውቅም። ይደርሳል፤ አንዱ ከረጢት ይበላሻል፣ አንዱ ደንበኛ ይከዳል። ጥያቄው ያ ከሄደ በኋላ ሱቁ ይቆማል ወይ ነው። ሰው ልጅሽ ምን ትሠራለች ብሎ ሲጠይቀኝ «መርከብ ትሠራለች» እል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «መርከብ ከተመታች በኋላ ያለውን ታስባለች» እላለሁ። ሰዎቹ አይገባቸውም፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

አሁን በስልክ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አትደንግጪ፣ ማንም አልተጎዳም። ባለፈው ረቡዕ መጋዘናችን ውሃ ገባው።

መጋዘኑን ታውቂዋለሽ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ያለው፣ በተዳፋት ወደ ታች የሚገባው። ፊት ለፊት ያሮን የፕላስቲክ ወንበርና ገንዳውን ያስቀምጣል፣ መሃል የእኔ ጨርቅና ቅመም ነው፣ ውስጥ የደጊቱ ጤፍና በርበሬ። በያሮንና በእኛ መካከል ያ ከባድ የብረት በር አለ። የተሠራው ለእሳት ነው፤ ግን ከሥሩ ጎማ ስላለው ውሃም ያዘገያል። ሁልጊዜ መዘጋት አለበት። ተዘግቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም አባ አስፋ አሉ።

አባ አስፋ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ጠዋት ጠዋት ይመጡና ወንበራቸውን በዚያ በር ደፍ ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ሆነው በአንድ በኩል ያሮንን፣ በሌላው እኔንና ደጊቱን እያዩ ያወጋሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይቆጣሉ። እንዲህ ያለ አዛውንት ተቀምጦ እያለ በሩን ፊቱ ላይ የሚዘጋ ሰው በእኛ መካከል አልተወለደም። ቀስ በቀስ ወንበራቸው ባይኖርም በሩ ክፍት ማደር ጀመረ፤ ነገ ይመጣሉ እያልን።

ረቡዕ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የያሮንን ግድግዳ ገጨው። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ወፍራሙ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ተሰበረ። የአንቺ መርከብ ማለት ነው፤ ጎን ተመታ፣ ውሃ ገባ። በዚያ ሰዓት አባ አስፋ በልጅነታቸው ወገራ ስለነበረቻቸው በቅሎ እያወጉን ነበር፣ እኔና ደጊቱም ፊታቸው ቆመን እንሰማለን። ከጀርባቸው ያሮን ይጮኻል፦ «ዝጉት! በሩን ዝጉት!»

ደጊቱ እኔን አየችኝ፣ እኔም ደጊቱን አየኋት። ውሃው በወንበሩ ሥር ወደ እኛ እየመጣ ነው። ደጊቱ ጎንበስ አለች።

«አባ አስፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...»

«ቆይ ልጄ፣ በቅሎዋ ገና ከዳገቱ አልወጣችም።»

«ትውጣ አባ፣ ትውጣ፤ ግን እርስዎ ትንሽ ብድግ ቢሉልን።»

«ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ውሃ መጥቶ ነው» አልኩ እኔ።

«ውሃ ቢመጣ ይጮኻል እንዴ? በዚህ አገር ውሃ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አሉና ዝቅ ብለው ጫማቸውን አዩ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ለምን አትነግሩኝም?»

እኔና ደጊቱ እርሳቸውን ከነወንበራቸው አንሥተን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ተመልሰን በሩን ስንገፋ ግን ውሃው በርትቶብን አልዘጋ አለ። ያሮን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መጣና «እናንተ ሰዎች አንድ ቀን በትሕትና ትሰጥማላችሁ!» አለን።

ደጊቱ «አንተ ደግሞ በጩኸት!» ብላ መለሰችለት። ሦስታችንም እዚያው ውሃው ውስጥ ቆመን ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ የታችኛው ረድፍ ጨርቄ ረጥቧል፣ የደጊቱ ጤፍም ቤት ሳይደርስ ከረጢቱ ውስጥ ሊቦካ ነው። መጀመሪያ ውሃ የገባበት የያሮን ገንዳዎች ግን ተንሳፍፈው ደህና ናቸው።

በማግስቱ ከቢቱአሕ፣ ከኢንሹራንሱ፣ ኤሊሸቫ መጣች። ይቺ ሴት በየዓመቱ መጋዘኑን የምታይ ናት። እርስዋ ልትመጣ ስትል በሩን እንዘጋለን፣ አባ አስፋን ደግሞ «ፀሐይ ይሙቁ» ብለን ወደ ውጭ እንወስዳቸዋለን። ኤሊሸቫ በሩን ዝግ ታየዋለች፣ ዝግ ነው ብላ ትጽፋለች። አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። እኛም አልዋሸንም፤ የተዘጋ በር ነው ያሳየናት። ግን በእኛና በእርስዋ መካከል ማንም ያላየው መጋዘን ወረቀት ላይ ሲኖር ከረመ።

ደጊቱ ወደ ጥግ ሳበችኝ። «ዝግ ነበር በያት። አንቺ ብትያት ታምንሻለች።»

«ግድግዳውን እይው» አልኳት። ውሃው የተወው መስመር ከበሩ በዚያም በዚህም እኩል ነበር። ዝግ በር ቢሆን ኖሮ በያሮን በኩል ከፍ፣ በእኛ በኩል ዝቅ ይል ነበር። ኤሊሸቫ ዓይን አላት።

«እሺ፣ ባታይስ?»

«ባታይ ደግሞ የባሰ ነው። ዝግ ነበር ካልን፣ በሩ ተዘግቶም ውሃ አያግድም ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ በሩን የሚያስታውሰው ማን ነው?»

ክፍት እንደነበር ነገርኳት። ዋጋ አስከፍሎናል፣ አልደብቅሽም፤ ደጊቱም ሦስት ሰንበት ሳትቆጥር አታናግረኝም ብዬ ነበር። ግን ዓርብ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆማ «ልጅሽ የሰው መርከብ ታድናለች፣ እናትየው አንድ መጋዘን አቃታት!» ብላ ሰደበችኝ፤ ታርቀናል ማለት ነው።

የከበደኝ ግን ሌላ ነበር። አባ አስፋ ከዚያ ቀን በኋላ ቀሩ። እሑድ ከአንቺ ጋር ከማውራቴ በፊት ቤታቸው ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ እያዩ ተቀምጠዋል።

«ጠፉብን አባ።»

«በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ያሮን ሲጮህ ሰምቼዋለሁ እኮ። የበቅሎዋን ነገር መጨረስ ፈልጌ ነው።»

«እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በሩን የያዝነው እኛ ነን። ባለፈው ዓመትም ይዘነዋል፣ ካቻምናም።»

«ወንበሩን ውሰጂውና ለሌላ ሰው ስጪው።»

«አልሰጥም። ሥራ አለው።»

ወንበራቸውን ከበሩ አንሥቼ ወደ ላይ፣ መኪና ወደሚገባበት ተዳፋት አፍ፣ ፀሐይ ወዳለበት አወጣሁት። በሩን በራሱ መልሶ የሚዘጋ ሞላ አስገጠምን። «ዝጉ» የሚል ወረቀት አልለጠፍኩም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከድሮም ነበረ። ትናንት መጥተው ከላይ ተቀመጡ። ሾፌሮቹ ወደ ኋላ ሲመጡ በዱላቸው ይመሯቸዋል። አንድ ጎረምሳ ሾፌር «አባት፣ ይሄ መስታወት ያለው መኪና ነው፣ ይታየኛል» ቢላቸው «ያኛውም መስታወት ነበረው» አሉት። አሁን ቡና የሚገዛላቸው ያሮን ነው።

ሮተሜ፣ ይኼን ሁሉ የጻፍኩልሽ ስለ ጤፍ አይደለም። በስልክ ስለ እነዚያ መርከበኞች ስትነግሪኝ «ግድ የለሾች» አልሻቸው። እኔም ከረቡዕ በፊት እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን የታሰረ በር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ለማን ሲባል ታሰረ ብዬ ነው። ማክበር ይሆናል፣ መራብ ይሆናል፣ የአንድ ወጥ ቤት የታመመ ወገብ ይሆናል። ለማን እንደሆነ ካላወቅሽ ገመዱን ብትቆርጪውም ነገ ሌላ ገመድ ይመጣል። ካወቅሽ ግን ወንበሩን ማዛወር ይቻላል።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገው ይኼን ነው። ከሰኞ በፊት አንድ ጊዜ ወደ መርከቧ ተመለሺ፤ ከካፒቴኑ ጋር ሳይሆን ጋሪ ከሚገፉት ጋር ተነጋገሪ። ምን ከየት ወደ የት እንደሚያመላልሱ እይ። ዕቃ ቤቱ በበሩ በወዲህኛው በኩል ቢሆን ገመዱ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ወደ አለቃሽ ስትገቢ እጅሽ ላይ «አይሆንም» ብቻ አይኑር። ነጋዴ «የለም» ብሎ ደንበኛ አይመልስም፤ «ይኼ የለም፣ ያ ግን አለ» ይላል። ሁለቱን ስሌት በአንድ ወረቀት አድርጊው፤ በሩ ሲዘጋ እንዲህ፣ እኔ ባየሁት ጊዜ እንደነበረው ደግሞ እንዲህ፣ ይኼ ቢደረግ በሩ ተዘግቶ ይኖራል ብለሽ። በእሱ ላይ ፈርሚ። ባለመርከቦቹ ሌቦች አይመስሉኝም፤ መርከባቸው እንዳትሰጥምባቸው ከአንቺ ይልቅ እነሱ ይፈልጋሉ። ማንም መንገድ ስላላሳያቸው ሊሆን ይችላል።

አለቃሽ የመጀመሪያውን ብቻ ፈርሚ፣ ሁለተኛውን ጣይው ካለሽ ግን አትፈርሚ። ሳትጮኺ፣ በር ሳትወረውሪ፣ «ይኼን አልፈርምም» ብለሽ ዕቃሽን ሰብስቢ።

«ይቺ መርከብ ስንት ዓመት በዚሁ ሁኔታ ሄዳ ምንም አልሆነችም» ብሏል አለቃሽ፣ አይደል? እኔ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ስመጣ ወንበሩ ተነቅሎ በወጣለት አውሮፕላን ወለል ላይ፣ በእናቴና በማላውቃት አራስ መካከል ተጣብቄ ነው የመጣሁት። ከልኩ በላይ ሰው ጭኖ ነበር፤ ደረስን። እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ሌላ ምርጫ ስላልነበረ የጫኑን ሰዎች ልክ ነበሩ። ግን ከዚያ በኋላ ማንም ተነሥቶ «እንዲህም ስለሚደረስ ከእንግዲህ ወንበሩን ሁሉ ነቅለን በየቀኑ እንብረር» አላለም። የአንቺ መርከብ በየቀኑ የምትሄድ ናት፤ የሚሳፈሩባትም ሰዎች ከምንም የሚያመልጡ አይደሉም፣ ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው።

ይኼን ምክር ለሊኦር ሳነብለት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ኢማ፣ አንቺ እኮ ሥራዋን ትታ እንድትመጣልሽ ነው የፈለግሽው።»

«ድስቱን ክደን» አልኩት።

ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያለው እውነት ካለበት ምክሬ የተበላሸ ዕቃ ነው፤ ገዢም ሻጭም ሆኜ ሚዛኑን ራሴ ይዣለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፈተንኩት። ከኮሪያ፣ ከቡሳን፣ የሚፈልግሽ ቢሮ እንዳለ በፋሲካው ነግረሽኝ ነበር። ከሃምቡርግ ብትባረሪ ወደ ቂርያት ጋት ሳይሆን ወደዚያ ብትሄጂስ፣ በዓመት አንዴ ማየቴም ቢቀርስ፣ ያኔም አትፈርሚ እልሽ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሱቅ ዘግቼ፣ ከመደርደሪያው ፊት ቆሜ፣ ረጋ ብዬ አሰብኩበት። መልሱ ያው ሆነ። አትፈርሚ። ስለዚህ ምክሩ ጤነኛ ነው፤ ተማምነሽ ውሰጂው።

ስለ ሥራሽ አልሰጋም። የተዘጋ በር ብቻ የሚያሰላ ሰው ብዙ ነው። ወርዳ ገመዱን ያየች ልጅ የትም አገር ትፈለጋለች። እኔን ደግሞ አትቁጠሪኝ። ሱቁ ቆሟል፣ ሊኦር አለ፣ ደጊቱ ትሰድበኛለች፣ አባ አስፋ በቅሎዋን ገና ዳገቱን አላስወጧትም። ከዚህ ወዲህ የሚመታኝ ቢኖር ከአንድ ክፍል በላይ አያልፍም።

ሰኞ ወደ አለቃሽ ስትገቢ የአባቶቻችን አምላክ ቃልሽን ያቅና። እጅሽ የማታምኚበትን አይጻፍ። በረዶው ላይ እግርሽ አይንሸራተት። የምታሻግሪያቸው ሰዎች ስምሽን ሳያውቁ እየዳኑ ይኑሩ፣ አንቺም ሳይነገርሽ ደስ ይበልሽ። የሄድሽበት አገር ሁሉ ሰው ይስጥሽ።

የምትወድሽና የምትኮራብሽ እናትሽ፣
መብራት

ደግሞ፣ ልረሳው ነበር፦ መጋዘኑ እስኪደርቅ የተረፈውን ጨርቅ ወደ ቤት አምጥቼ ክፍልሽን ሞልቼዋለሁ። ጠረጴዛሽ ላይ፣ ቁም ሣጥንሽ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ እስከ በሩ ድረስ ነው። ስለዚህ ለእኔ ብለሽ ወደ ቤት ለመምጣት እንዳትቸኩዪ፣ ቦታ የለም። አልጋሽ ላይ ግን ምንም አላስቀመጥኩም።